ዘይት የጠጡ አሥር ጥይቶች

ባለፈው ቅዳሜ አባዬን ልጠይቅ ከጦር ኃይሎች ታክሲ ይዤ መጥቼ አጠና ተራ ስወርድ ዝናብ ያዘኝ። የዘንድሮ ክረምት ለማንም አይራራም፤ ጃንጥላዬን ገልብጦ መንገደኛ አሳቀብኝ። ሮጬ አንድ አዲስ ሕንፃ በር ላይ ተጠለልኩ። የሕንፃው ጥበቃ ወጣት ልጅ ነው፤ ደረጃው ሥር ማዳበሪያ አንጥፎ ክላሹን ፈታትቶ ይወለውላል። ነጭ ጋዝና የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሲቀላቀሉ የሚያመጡት ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሳላስበው ከማዳበሪያው ላይ አንድ የረጠበ ጨርቅ አንስቼ ይዣለሁ።

«እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?» አለኝ።

«ደህና ነኝ። ክላሽ ጽዳት ይፈልጋል እንዴ? ጠንካራ ነው ሲሉ ነው የምሰማው።»

«ጠንካራማ ነው። ሰው እሱን እያለ ነው የሚተወው። ግን ብረት አይደል? ዝናብ አለ፣ አቧራ አለ፣ የእጅ ላብ አለ። ባይተኮስበትም በሳምንት አንዴ መታየት አለበት።»

አባዬን የሰማሁ መሰለኝ። ጥይቶቹ ከሌላው ተለይተው፣ ራቅ ብለው ደረቅ ጨርቅ ላይ ተቀምጠዋል። «እነሱስ አይቀቡም?» አልኩት።

ሳቀ። «ጥይት? ኧረ ጥይት ዘይት አይነካውም። በቂጡ በኩል ይገባና ውስጡን ያረጥበዋል፤ ጋዝ ከሆነማ ጨርሶ ይገድለዋል። ከዚያ ቃታ ብትስቢ ጠቅ ብቻ ነው።»

ልጁ ከዚያ በኋላም ያወራ ነበር፤ እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሦስተኛ ክፍልን ጨርሼ ወደ አራተኛ ባለፍኩበት ክረምት ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ያኔ አባዬ ከአጠና ተራ ጀርባ የአንድ መጋዘን ጥበቃ ነበር። መጋዘኑ ፌሮ፣ ላሜራና የኤሌክትሪክ ኬብል የሚከማችበት ትልቅ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ሰው ከሰው አይደማመጥም። ግቢው ሁልጊዜ የዝገትና የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ አለው። ጥበቃዎቹ ሁለት ናቸው፣ አባዬና ጋሽ ዘውዴ፤ ክላሹ ግን አንድ ነው፣ እየተረካከቡ ነው የሚይዙት። ባለቤቱ አደጋ ፈርቶ ጠመንጃው ቀን ቀን ባዶውን እንዲውል አዟል። አሥሩ ጥይቶች በጨርቅ ከረጢት ሆነው በተረኛው ካፖርት ኪስ ውስጥ ይውላሉ።

አባዬ የድሮ ወታደር ነው። አሥር አለቃ ነበር፤ ምልምሎችን መሣሪያ መፍታትና መግጠም ያስተምር ነበር። ከዚያ ሁሉ ዘመን ይዞት የመጣው ነገር ቢኖር የቅዳሜ ጽዳት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሠፈሩ ልብስ ሲያጥብ አባዬ ክላሽ ያጥባል።

በዚያ ክረምት ግን ዓይኑ እየከዳው ነበር። ከእናቴና ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጪ ያፈሳል። ሰው ሰላም ሲለው ድምፁን እስኪለይ ድረስ በደፈናው «እንደምን ዋልክ» ይላል፣ ሴትም ብትሆን። ሐኪም ቤት ለመስከረም ቀጥረውታል። መጋዘኑ ደግሞ የማያይ ጥበቃ አንድ ቀን አያሳድርም። ስለዚህ የቤታችን ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፤ አባዬ እስከ መስከረም ሳይታወቅበት ይቆይ፣ ታክሞ ወደ ሥራው ይመለስ። እናቴ ቤቴል አንድ ክሊኒክ ውስጥ ጽዳት ስለምትሠራ ቀኑን ሙሉ የለችም፤ ትምህርት ቤትም ተዘግቷል። «ልጅቷን የሚይዝልኝ ሰው የለም» ብሎ ይዞኝ መግባት ጀመረ። እሱ እኔን እንደሚጠብቅ ሁሉም አመነ።

ሥራዬ ዓይን መሆን ነው። መኪና ሲመጣ በሩ ሥር እቆምና ታርጋውን በሹክሹክታ አነብለታለሁ። ማናጀሩ ሲመጣ «ሰማያዊ ሹራብ፣ በቀኝ» እለዋለሁ፤ አባዬ ወደ ቀኝ ዞሮ ሰላምታ ይሰጣል። ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። በጣም ጎበዝ ነበርኩበት፤ ዛሬ የሚያናድደኝም ይሄው ነው።

ጋሽ ዘውዴ ረጅም፣ ቀጭን የጎጃም ሰው ነው። ተራው ሳይደርስ ቀደም ብሎ ይመጣል፤ ኪሱ ሙሉ የተቆላ ሽምብራ ይዞ፣ ግማሹን ለእኔ መዳፍ ላይ አፍስሶ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ከአባዬ ጋር የማይስማሙበት ነገር ቢኖር ያው ጠመንጃው ነው።

«አሥር አለቃ፣ ዛሬም ልታጥበው ነው? ታጥቦ ሊያልቅ እኮ ነው።»

«አንተ ካላጠብከው ምን ላድርግ።»

«ክላሽ ነው እኮ፣ ምንሽር አይደለም። እኛ አገር አንድ ሰውዬ ማሳ ውስጥ ቀብሮት ሦስት ክረምት ከረመ። አወጣው፣ ጭቃውን አራገፈው፣ ተኮሰው። አለቀ። ይሄ መሣሪያ የተሠራው ለሰነፍ ነው።»

«ሲያወጣው አይተሃል?»

«ሲወራ ሰምቻለሁ።»

«የተኮሰለት ሰው ነው የሚያወራው ዘውዴ። ያልተኮሰለትማ ተመልሶ መጥቶ አይነግርህም።»

ጋሽ ዘውዴ ከት ብሎ ይስቃል፤ አባዬ አይስቅም። እኔ ነገሩን ለመለየት ብዬ አንድ አዲስ ምስማር ከመጋዘኑ አጥር ሥር ጭቃ ውስጥ ቀበርኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሳወጣው ቀልቶና ሻክሮ አገኘሁት። ሮጬ ወስጄ ለጋሽ ዘውዴ ሰጠሁት። አገላብጦ በጣም በቁም ነገር አየውና «ምስማር ክላሽ አይደለም፣ ሚጣ» ብሎ መለሰልኝ። በልቤ የአባዬ ደጋፊ ነበርኩ። ጋሽ ዘውዴ አንድ ቀን ተሸንፎ «ልክ ነህ» ሲል መስማት እመኝ ነበር። ምኞቴ ደርሶልኛል።

ከሐምሌ ጀምሮ ጽዳቱ የእኔ ሆነ። መፍታትና መግጠሙን አባዬ በእጁ ያውቀዋል፤ ቆሻሻን ማየት ግን አልቻለም። የጥበቃ ቤቱን በር ገርበብ አድርገን ማዳበሪያ ላይ እንቀመጣለን። ካዝናውን ያወጣል፣ ያቀባብላል፣ ባዶ መሆኑን ጣቱን ሰዶ ያረጋግጣል። ከዚያ ክዳኑን፣ ሞላውን፣ ሌላውንም እያወጣ በተራ ይደረድራል። እኔ በነጭ ጋዝ እያጠብኩ፣ በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ እያደረቅኩ፣ ስስ አድርጌ ዘይት እቀባለሁ። በመጨረሻ በርሜሉን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በውስጡ አያለሁ።

«ምን ይታይሻል?»

«ክብ ብርሃን።»

«ጥቁር ነጥብ አለው?»

«አንድ አለው፣ ጥግ ላይ።»

«እሱ ዝገት ነው። ድገሚው።»

በተለይ የመርፌውን ቀዳዳ አደራ ይለኛል። መርፌ የሚላት ጥይቱን ከኋላው የምትመታዋን ቀጭን ብረት ነው። «እሷ ከቆሸሸች ሌላው ሁሉ ቢያብረቀርቅ ዋጋ የለውም» ይላል። የክብሪት እንጨት ላይ ጨርቅ ጠቅልዬ እስኪነጣ ድረስ እጠርገዋለሁ። ማታ እናቴ ጸጉሬን ስታጥብ «ይቺ ልጅ ጋራዥ ጋራዥ ሸተተች» እያለች ታጉረመርማለች፤ እኔ ግን ሽታውን እወደው ነበር። የአባዬ ሽታ ነው።

ብረት ዘይት ካላገኘ ይጠማዋል፣ ሲጠማው ይዝጋል፣ ይል ነበር አባዬ። እኔ አመንኩት። ቅዳሜ ማለት ለእኔ ብረቶቹ የሚጠጡበት ቀን ነበር። ሁሉም በየተራው ሲጠጣ ጥይቶቹ ብቻ ምንም አያገኙም። አባዬ ከረጢቱን ይፈታና «እነሱን ለብቻ፣ በደረቅ ጨርቅ» ብሎ መስኮቱ ላይ ያስቀምጣቸዋል። በየሳምንቱ ያንኑ ቃል ነው የሚለው። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ ለእሱ እሳት ያቃጥላል እንደማለት ነው፣ መናገርም አያስፈልገው። እኔም አንድ ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። የተቀጡ ይመስሉኝ ነበር፣ ጓደኞቻቸው ሲበሉ መስኮት ላይ ተቀምጠው የሚያዩ አሥር ልጆች። ሁለቱ ቂጣቸው ላይ አረንጓዴ ነገር ጀምሯቸዋል። ይኸው፣ ጠምቷቸው ታመሙ አልኩ።

አባዬ ቅዳሜ ምሳውን ከበላ በኋላ አግዳሚው ላይ ያሸልባል፤ በሩን የምጠብቀው እኔ ነኝ። በቲማቲም ድልህ ጣሳ ውስጥ ጋዝና ዘይት ቀላቀልኩና አሥሩንም ከተትኳቸው። ትንንሽ አረፋ ሲያወጡ፣ እየጠጡ ነው ብዬ ደስ አለኝ። አባዬ እስኪነቃ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆያሉ። ከዚያ አውጥቼ በደረቅ ጨርቅ አሻሽቼ ወደ መስኮቱ እመልሳቸዋለሁ። አባዬ ሲነቃ አንድ በአንድ ዳስሶ ይቆጥራቸዋል፤ ደረቅና ለስላሳ ናቸው። ይሸታሉ እንዳይል ክፍሉ በሙሉ ይሸታል። እስከ ነሐሴ መጨረሻ አንድም ቅዳሜ አላጓደልኩባቸውም። አረንጓዴው ጠፋ፣ እንደ አዲስ አበሩ። ለማንም አልተናገርኩም። ለእንቁጣጣሽ ጠዋት ሌላው ልጅ ለአባቱ አበባ ሥሎ ሲሰጥ፣ እኔ ከረጢቱን ፈትቼ ያደረግኩትን ልነግረው ቀን እቆጥር ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ሐሙስ፣ አሥር ሰዓት ግድም፣ ኃይለኛ ዝናብ እየጣለ ነበር። ጋሽ ዘውዴ ሊረከብ መጥቶ ሽምብራውን እያካፈለኝ ነው። ነጭ ፒክአፕ በሩ ላይ ቆሞ ጥሩምባ ነፋ። ታርጋውን ላነብ ወጣሁ፤ ጭቃ ለጥፈውበታል። ተመልሼ «አይታይም አባዬ» አልኩት።

ጋሽ ዘውዴ ሰማኝ። እኔን አየኝ፣ ቀጥሎ አባዬን አየው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር እንደገባው የተረዳሁት በኋላ ነው። «አንተ ተቀመጥ አሥር አለቃ፣ እኔ ልየው» አለና ካፖርቱን ደርቦ ወጣ።

አራት ሰዎች ከመኪናው ወረዱ። ወረቀት ሲጠይቃቸው አንደኛው አጭር ፌሮ አንስቶ ጭንቅላቱን መታው። ጋሽ ዘውዴ እንደደከመው ሰው ቀስ ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሰውየው ደገመው።

«አባዬ፣ ጋሽ ዘውዴን እየመቱት ነው» አልኩ።

አባዬ ጥይቶቹን ከራሱ ካፖርት ኪስ አውጥቶ በጣቱ እየለየ ካዝናው ውስጥ ከተታቸው። ካዝናውን ገጠመ፣ በሩ ላይ ወጣ፣ አቀባበለ፣ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አንስቶ ቃታውን ሳበ።

ጠቅ አለ።

አቀባበለ፤ ጥይቷ ዘልላ ጭቃ ላይ ወደቀች። ሳበ፣ ጠቅ አለ። ሦስተኛም ጠቅ አለ፤ እሷንም አቀባብሎ ጣላት። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ እየወረደ ያቺን ትንሽ ድምፅ እንዴት እንደሰማኋት አላውቅም። ሰዎቹ መጀመሪያ ላይ ደንግጠው አንዱ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር። አሁን ፌሮውን የያዘው ወደ አባዬ መጣና ጠመንጃውን ከነካዝናው ከእጁ ወሰደው። «ይተዉት አባባ፣ ይግቡ፣ ይበርድዎታል» አለው። ረጋ ብሎ፣ በትሕትና ነበር የተናገረው። ኬብሉን ጭነው ጠመንጃውንም ይዘው ሄዱ።

ማናጀሩ ሲደርስ አባዬ በጉልበቱ ተንበርክኮ ጭቃውን ይዳስሳል። የወደቁትን ሦስት ጥይቶች እየፈለገ ነው። ከእጁ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ሆነው ያብረቀርቃሉ። እኔ ጋሽ ዘውዴ አጠገብ ሆኜ፣ ከጆሮው ሥር የሚወርደውን ደም በነጠላው ቅዳጅ እጠርጋለሁ።

«እዚያው አጠገብዎ ናቸው እኮ» አለ ማናጀሩ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ፊቱን አየና «አሥር አለቃ፣ አያዩም እንዴ?» አለው።

አባዬ ጭቃውን መዳሰሱን ቀጠለ።

«ታዲያ ይሄን መሣሪያ ማን ነው ሲያጸዳ የከረመው?»

«እኔ ነኝ» አለ አባዬ።

ሦስቱን ጥይቶች ፖሊስ ወሰዳቸው፤ ጠመንጃው አልተገኘም። ስለዚህ ምን ሆኖ እንዳልተኮሰ አይቶ የነገረን ሰው የለም። ሁሉም ያመነው ያው የተባለውን ነው፤ ዓይነ ሥውር ሰው ያጸዳው ጠመንጃ አይተኩስም። አባዬን በማግስቱ አሰናበቱት። በመስከረም ሐኪም ቤት ሄደ፤ መጀመሪያ የዓይን ሞራ ነው ያሉት ሌላ በሽታ ሆኖ ተገኘ፣ የጠፋው አይመለስም ተባለ። እናቴ በመንገድ ሁሉ እጁን ይዛ መለሰችው።

ጋሽ ዘውዴ ከመስቀል በኋላ ሚስቱ ደግፋው ቤታችን መጣ። የፊቱ ግማሽ አይንቀሳቀስም፤ ሲናገር ምራቁ ያመልጠዋል። ቢሆንም ኪሱ ውስጥ ሽምብራ ነበረው። በግራ እጁ ዘግኖ ሲሰጠኝ ግማሹ መሬት ፈሰሰ።

«አሥር አለቃ፣ ረታኸኝ» አለ፣ ቃላቱን እየጎተተ። «ክላሽም ጽዳት ይፈልጋል። ልክ ነህ።»

«ይፈልጋል» አለ አባዬ። «ያጎደልኩት እኔ ነኝ።»

«ዓይንህን ብትነግረኝ፣ እኔ አላጸዳልህም ነበር?»

አባዬ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ጋሽ ዘውዴ ጥምቀትን አላየም። ተሸንፎ ሲል ልሰማው የተመኘሁትን ቃል ከእኛ ቤት ተናግሮ ሄደ።

ስለ ጥይቶቹ ያኔ ያልተናገርኩት ለመደበቅ አይደለም። ጥፋት መሆኑን በጭራሽ አላሰብኩም። ስጦታዬ ነበሩ፤ እንቁጣጣሽ ግን አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዋለ፣ እኔም ስጦታዬን ተውኩት። ከዚያ ወዲህ አባዬ በየቅዳሜው ጽዳቱን በቃል ይደግመዋል። በርሜሉን አይተሽ ነበር? ሞላውንስ? የመርፌውን ቀዳዳ? ሁሉንም ይጠይቀኛል፤ ሁሉንም አድርጌያለሁ። ጥይቶቹን ነክተሽ ነበር ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ደረቅ ጨርቅ ላይ እንዳስቀመጣቸው ያውቃላ።

ባለፈው ቅዳሜ ዝናቡ ሲያባራ ቤት ደረስኩ። አባዬ በሩ አጠገብ ወንበሩ ላይ ነው። አጠገቡ ስቀመጥ እጄን ያዘና ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

«ነጭ ጋዝ ሸተትሽኝ።»

«አንድ ጥበቃ ክላሹን ሲያጸዳ አጠገቡ ተጠልዬ ነበር።»

«ጎበዝ ልጅ ነው» አለ። ከዚያ የቅዳሜ ጥያቄው መጣ። «ትርሲት፣ የመርፌውን ቀዳዳ ያን ቅዳሜ ጠርገሽው ነበር?»

ሃያ ዓመት «አዎ አባዬ» ስለው ኖሬያለሁ፤ እውነትም ነው። አሁን ግን ሌላውን እውነት ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ወዲያው አሰብኩት። ሥራው ሄዷል፣ ዓይኑ ሄዷል፣ ጓደኛው ሄዷል። የቀረችው ጋሽ ዘውዴ «ልክ ነህ» ያለባት ያቺ የቅዳሜ ጽዳት ናት። ዘውዴን የገደለው የቅዳሜ ጽዳታችን ነው ብዬ እሷንም ልውሰድበት? አልቻልኩም። ቢያንስ ከዓይኑ ላይ ሸክሙን ላውርድለት ብዬ ዋሸሁት።

«አልጠረግኩትም» አልኩት። «ያን ቅዳሜ ሰነፍኩና ዘለልኩት። ዓይንህ አይደለም አባዬ፣ እኔ ነኝ።»

ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ መቆጣቱን ፈልጌውም ነበር። እሱ ግን ፈገግ አለ።

«ልታሳርፊኝ ብለሽ ነው፣ አውቃለሁ» አለኝ። «አንቺ ምንም አላጎደልሽም። እንዳንቺ የሚጠነቀቅ ምልምል እንኳ አስተምሬ አላውቅም። ዘውዴን ያስበላሁት እኔ ነኝ።»

እጄን አንድ ጊዜ ደግሞ አሸተተና መልሶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ።